«ሜቃ?» ሲሉኝ ምላሴ ይታሰራል

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ለ7 ዓመት በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዓምና ሥራዬን ለቅቄ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼና አሽጌ መሸጥ ጀመርኩ። ጥሬውን ጎማ ወረዳ ካለው አጎቴ በኪሎ 600 ብር አመጣለሁ። ለቀማውን፣ ቆላውን፣ ማሸጉን ሁሉ እወደዋለሁ። ቡናዬ ጥሩ እንደሆነም አውቃለሁ። ችግሬ መሸጡ ላይ ነው።

ሰው መጥቶ «ስንት ነው?» ወይም በኦሮምኛ «ሜቃ?» ሲለኝ ምላሴ ይታሰራል። ጎረቤቶቼ «እስኪ አቅምሺን» ብለው ይወስዳሉ። ሒሳብ ሊሰጡኝ ሲሉ ደግሞ «ኧረ ተይው፣ ምን ችግር አለ» የምለው እኔው ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ አዲስ ካፌ ተከፍቶ ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቁኝ «እርስዎ ያሉትን» አልኳቸው። 750 አሉ። እሺ አልኩ። ይኸው 2 ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ 10 ኪሎ አደርሳለሁ። በኪሎ 150 ብር አተርፋለሁ ብዬ ነበር፤ ወር ሲያልቅ ግን እጄ ላይ ምንም የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ሴትዮ የገዛችውን እሽግ ይዛ ተመለሰች። «ተነፍቷል፣ ተበላሽቷል» አለችኝ። እንዳልተበላሸ አውቃለሁ። ግን አንድ ቃል ሳልተነፍስ ብሯን መለስኩላት።

ባዛር ስንወጣ የሸጠችው ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ከኋላ ካርቶን ሳስተካክል ዋልኩ። እናቴ «ጅማ ተወልደሽ ለሰው ቡና በብር ትሸጪያለሽ? ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ባለቤቴ ምንም አይለኝም፤ ዝምታው ግን ይከብደኛል። የድሮ አለቃዬ ተመለሺ ብሎኛል። ንግድ ለእኔ አልተፈጠረም ይሆን? ልተወው?

ዘ. ነኝ፣ ከጅማ

እህቴ ዘ.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ካልኩሌተር ይዤ ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እናንሳ። ምላስሽን ያሰረው እሱ ይመስለኛል።

እኔም ያደግኩት ጅማ ነው። እናትሽ ያሉትን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤት ካልተጠራ ቡናው እንደተፈላ አይቆጠርም ነበር። የመጣ ሰው አቦል ጠጥቶ ሊነሳ ሲል «በረካውን ሳትጠጣ!» ተብሎ ይያዛል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ለዚያችው ጎረቤት ቡና በብር ስትሰጥ እጇ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? አንቺ ዓይናፋር አይደለሽም። ለ7 ዓመት ከአለቃና ከኦዲተር ጋር ሒሳብ ስትከራከሪ የኖርሽ ሴት ነሽ። ግብዣውና ንግዱ አንድ ላይ ተደባልቀውብሻል፤ እኔ ያየሁት እሱን ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሚሸጠውን ቡና የት ነው የምታስቀምጪው? ጓዳ ከሆነ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን፣ ጎረቤቶችሽ ላይ አልፈርድም። ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር የቤት ነው፤ የቤት ነገር ደግሞ ይቀመሳል። ስለዚህ ነገ ጠዋት የሚሸጠውን ከጓዳ አውጪው። ሳሎን ጥግ አንድ መደርደሪያ ይበቃል። እያንዳንዱ እሽግ ላይ ዋጋውን በማርከር ጻፊበት። ለመጣ ሰው ጀበናሽን ጥደሽ እስከ በረካ ድረስ ቅጂለት፤ ለዚያ ዋጋ የለውም፣ እንዲኖረውም አትፍቀጂ። መደርደሪያው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። «አቅምሺን» ያለችሽን ጎረቤት «ነይ፣ ተቀመጪ፣ አፈላልሻለሁ» በያት። ቀምሳ ከወደደችው መደርደሪያው እዚያው አለ፤ ዋጋውንም አንቺ ሳትሆኚ ወረቀቱ ይነግራታል።

እስካሁን የወሰዱትንስ? እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ንግድ የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አይስማሙም፤ «ደብተር አውጥተሽ ጠይቂ» ይሉሻል። ግን «ተይው» ያልሽው ራስሽ ነሽ፤ ያልሽውን መልሰሽ ብትጠይቂ ከብሩ የበለጠ ነገር ታጪያለሽ። አንዴ ይቅር በይውና ዝጊው። ለወደፊቱ ደግሞ ምጥን ያለ ስጦታ ይኑርሽ። በወር ከኪሎ ያልበለጠ ለቅምሻ ይያዝ፣ እሱም ወጪ ተብሎ ይመዝገብ።

እናትሽ «ሰው ምን ይላል?» ሲሉ የትኛውን ሰው ማለታቸው እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ለክርክር ሳይሆን በእውነት ለማወቅ። ብዙ ጊዜ «ሰው» የምንለው አንድ ሰው ነው፤ አንዲት አክስት፣ አንዲት የእድር ጓደኛ። ወይም ደግሞ ልጄ ከወር ደመወዝ ወጥታ ትቸገር ይሆን የሚለው ስጋት «ሰው» ተብሎ ይመጣል። መልሱን ስትሰሚ ሥራ ስጫቸው። ቆላው ላይ ከጎንሽ ይቀመጡ። ቡናው መቼ ከእሳት መውረድ እንዳለበት በማሽተት ብቻ የሚያውቅ አፍንጫ ያላቸው እናቶቻችን ናቸው። የእሳቸው እጅ ያለበትን ቡና ሲሸጥ ያፍሩበታል ብዬ አላስብም።

ደግሞስ ጅማ ንግድን የምታፍር ከተማ ናት እንዴ? አባ ጅፋር ጂሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ሲያስተዳድሩ ከሥር የነበረው የሄርማታ ገበያ ነው፤ ያንቺ ሰፈር። የሐሙሱ ገበያ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በጋ ሲሆንና ቀኑ ሲሰምር እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ተጽፏል። ያውም ሐሙስ፣ አንቺ ለካፌው ቡና የምታደርሺበት ቀን። ቡናችን በስጦታ ብቻ አልኖረም። ሲሸጥ፣ ሲለወጥ፣ ሲጫን የኖረ ነው።

አሁን ወደ ካልኩሌተሩ።

በ600 ገዝቼ በ750 ስሸጥ 150 አተርፋለሁ ብለሻል። እህቴ፣ እሳቱ የበላውን ረሳሽው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለው እርጥበት ይወጣል፣ ገለባው ይረግፋል፤ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ምጣዱ ላይ ይቀራል። ጠቆር አድርገሽ ከቆላሽው ደግሞ ይብሳል። 18 በመቶ ነው እንበል። አንድ ኪሎ የተቆላ ለማግኘት 1 ኪሎ ከ220 ግራም ያህል ጥሬ ትጨርሻለሽ ማለት ነው። በ600 ሒሳብ 732 ብር። ከ750ው የቀረሽ 18 ብር ነው። ለቀማ ላይ የጣልሽውን ፍሬ ገና አልቆጠርኩም። በዚህች 18 ብር ነው እንግዲህ ማሸጊያው፣ ማስፈጫው፣ ከሰሉ ወይ መብራቱ፣ የባጃጁ ሁሉ የሚሸፈነው። ለእነዚህ በኪሎ 90 ብር ብዬ ገመትኩ፤ የአንቺ ቁጥር ሌላ ከሆነ አስተካክይው። በእኔ ግምት ኪሎው 822 ብር ይፈጅብሻል። 750 ስትሸጪ በኪሎ 72 ብር ከኪስሽ እየጨመርሽ ነው። በ2 ወር 80 ኪሎ አድርሰሻል፤ 5,760 ብር። የጉልበትሽን ሳንቲም እንኳ ሳንቆጥር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የሰው ሒሳብ ለ7 ዓመት በሳንቲም ስታስታርቂ ኖረሽ የራስሽን አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ አለመሥራትሽ አስገርሞኛል። ለመውቀስ አይደለም። ቁጥሩን ካየሁ ዋጋ መጨመር ሊኖርብኝ ነው ብለሽ የሸሸሽው ይመስለኛል። እኔም አድርጌዋለሁ። በአንድ ወቅት ዳቦ ጋግሬ እሸጥ ነበር፤ የዱቄቱ ዋጋ ሲጨምር ደብተሬን መክፈት አቆምኩ። ደብተሩን እንደዘጋሁ ብዙም ሳልቆይ ዳቦውም ተዘጋ።

ስለዚህ ለካፌው ባለቤት መንገር ግድ ነው። እንዴት? ይሄን ሐሙስ በድሮው ዋጋ አድርሺ። ስትወጪ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ኪሎው 900 ብር ነው። አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።» በቃ። «ይቅርታ» የለም። «ምን ላድርግ ኑሮው» የለም። «እርስዎ የሚሉትን» ደግሞ ጭራሽ የለም። ቤት ውስጥ ድምፅሽን አውጥተሽ ተለማመጂው፤ ባልሽ የካፌውን ባለቤት ይሁንልሽ። (ዝም የሚለው ሰውዬ ሥራ ያግኝ። አንቺ የትርፍና ኪሳራውን ወረቀት ሳታሳዪው እሱ ምን ብሎ ይናገር? ዛሬ ማታ አሳዪው።)

ከባዱ ዋጋውን ከተናገርሽ በኋላ ያለችው ዝምታ ናት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያች ላይ ነው። ገዢው አፉን ሳይከፍት ራሳችን «ግን እንቀንሳለን» እንላለን። ልጅ ሆኜ ኮረሪማ ከምትሸጥ አክስቴ ጋር ገበያ እወርድ ነበር። «ሜቃ?» ሲሏት ቀና ብላ ዋጋውን ትናገራለች። ወዲያው አንገቷን ደፍታ ኮረሪማውን በክር መሰካት ትቀጥላለች። ገዢው «ኧረ ተወደደ!» ይላል። መርፌዋ አይቆምም። ሌላ ቦታ ጠይቆ ሊመጣ ሲሄድ «እሺ፣ ሰላም ዋል» ትለዋለች፤ ከልቧ ነው። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። ለማናቸውም ስትቆጣ አላየሁም። ያኔ ግዴለሽ ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው እጇን ሥራ ያስያዘችው አፏ እንዳይቀድማት ነው። አንቺም ዋጋውን ተናግረሽ እጅሽን ሥራ ስጪው። ጆንያ አጣጥፊ፣ ሚዛኑን ጥረጊ።

ሰውየው «አይሆንም» ካሉስ? በየሳምንቱ የበለጠ የሚወስዱና በእጅ የሚከፍሉ ከሆነ እስከ 850 ድረስ ውረጂ። ከዚያ በታች ካሉ ተሰናበቻቸው። መልካም ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋጋውን እንዲሰይሙ ዕድሉን የሰጠሻቸው አንቺ ስለሆንሽ ቂም አትያዢ። ግን ሳምንት በሳምንት የሚያከስርሽ ሰው ደንበኛ አይባልም።

ባዶውን ቦታ በምን ትሞያለሽ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚሸጥለትን ሰው መምረጡ ላይ የተሳሳትሽ ይመስለኛል። ለጅማ ሰው ቤቱ ድረስ ቡና መሸጥ አቀበት ነው። የአንዱ አጎት እርሻ አለው፣ የሌላዋ አማት ጆንያ ልካላታለች። ቡና የቸገረው ከጅማ የሚሄደው ሰው ነው። ከዚህ ተነስቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ባዶ እጁን መግባት አይፈልግም፤ «ከጅማ መጥተህ ቡና የለም?» እንደሚባል ያውቃል። ተመራቂ ተማሪ፣ ልጁን ሊያስመርቅ የመጣ ቤተሰብ፣ ለስብሰባ መጥቶ ሆቴል ያደረ እንግዳ፣ ሁሉም ቡናና ማር ሲያፈላልግ ነው የሚያመሸው። ለእነዚህ ስትሸጪ ማንንም እያስቸገርሽ አይደለም። ሰውየው እየፈለገው ነው፤ አንቺ ያለበትን ትነግሪዋለሽ።

መናኸሪያው አካባቢ ሁለት ሱቅ፣ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ አንድ ማር ቤት ምረጪ። በሳምንት አንድ ቦታ ብቻ ሂጂ፤ ማክሰኞ ይሁን። ሁለት እሽግ ይዘሽ ግቢ፣ አንዱን ለቅምሻ ትተሽ ውጪ፣ በማግስቱ ደውዪ። በወር አራት ቦታ ነው። ሦስቱ እምቢ ቢሉሽ እንኳ አንድ ደንበኛ አገኘሽ።

እዚያ ስትገቢ ምን ትያለሽ? «የእኔ ቡና ምርጥ ነው» ማለት ይጨንቅሻል፤ እኔንም ይጨንቀኛል። አትበይ። የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ፤ ከጎማ ነው የመጣው፣ እሁድ ጠዋት ተቆላ፣ በእጅ ተለቀመ። የተቆላበትን ቀን እሽጉ ላይ ጻፊበት። ብዙ ሻጭ ይህን አይጽፍም፤ ይህ ቀን ብቻውን ከስንት ማስታወቂያ ይሻላል። ቴሌግራም ላይም እንደዚያው ነው። ራስሽን ማሳየት ካልፈለግሽ ምጣዱን አሳዪ።

የተነፋው እሽግ ነገር አሳዝኖኛል። ቡናው ምንም አልሆነም ነበር። ትኩስ የተቆላ ቡና ለቀናት አየር ሲያወጣ ይቆያል፤ መውጫ በሌለው ማሸጊያ ከታሸገ እንደ ፊኛ ይነፋል። ለሴትየዋ «እናቴ፣ አልተበላሸም፤ ትኩስ ስለሆነ ነው የተነፋው። ይክፈቱትና ያሽትቱት» ብትያት ኖሮ ተመልሳ የምትመጣ ደንበኛ ልትሆን ትችል ነበር። አሁን ግን ሰፈር ውስጥ የተበላሸ ቡና ገዝቼ ነበር እያለች ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካንቺ የቀረው ደጃዝማችነት ሳይሆን ስምሽ ነው። ስልኳ ካለሽ ዛሬ ደውዪላትና እንዲሁ ንገሪያት። ከዚህ በኋላ ከቆላሽ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድረሽ አሽጊ፤ ወይም አየር ማስወጫ ያለውን ከረጢት ፈልጊ።

እህትሽ ባዛር ላይ መሸጧ ጥሩ ነው። አበል ቆርጠሽላት ትቀጥል። ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ መጥራት የለበትም። ግን ካርቶኑን እሷ ታስተካክል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ፊት ለፊት ቁሚ። የምትሸጪው ሦስት እሽግ ይሁን። ሦስቱ ካለቁ ቦታ ተቀያየሩ።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። እስካሁን የሞከርሽው በኪሳራ ዋጋ መሸጥን ነው፤ እሱን ማንም ይጠላዋል። በትክክለኛው ዋጋ 3 ወር ሞክሪው። ከዚያ በኋላም ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ሆድሽን የሚቆርጥሽ ከሆነ ወደ ሒሳቡ መመለስ ነውር የለውም። ምናልባት ሁለቱንም መያዝ ይቻል ይሆናል። ሰኔ 30 ሲቃረብ የሒሳብ መዝገቡን የሚዘጋለት ያጣ ስንት ባለሱቅ አለ! ለአለቃሽም «ሙሉ ቀን አይመቸኝም፤ ለሒሳብ መዝጊያ ግን እመጣለሁ» ብትያቸው ምን ይላሉ? ይህን የማነሳው ለማምለጫ እንዲሆንሽ አይደለም። የቤት ኪራዩ ከሌላ ቦታ የተሸፈነ ሰው ዋጋ ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። ቆልተሽ ጨርሰሽ፣ ጭሱ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ እጅሽን ስትታጠቢ ምን ይሰማሻል? በደብዳቤሽ «እወደዋለሁ» ያልሽው ያንን ሰዓት ከሆነ፣ 3 ወሩን እንዳትቀንሺው አደራ።

ለሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። የማስረከቢያ ወረቀቱን ካፌው ደርሰሽ አትጻፊው። ረቡዕ ማታ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ጻፊው፦ 10 ኪሎ፣ በኪሎ 900፣ ጠቅላላ 9,000 ብር። በእስክሪብቶ። እዚያ ደርሰሽ ልብሽ ከራደና ልቀንስ ካልሽ መሰረዝ ሊኖርብሽ ነው። የሒሳብ ሰው ደግሞ ስርዝ ድልዝ እንደማይወድ አውቃለሁ።